የጃቫ ባይትኮድ ትራንስፎርመር መጻፍና ማስመዝገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ባህር ዳር ታና ዳር ላፕቶፓችንን ይዘን ምንሰበሰብ ልጆች አለን፣ ግማሹ ፖሊ ሚማር ግማሹ ስራ የያዘ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ወሬያችን ሁሉ ባይትኮድ ሆኗል፣ ማታ ማታ ደሞ ያው ጥያቄ በተለያየ ሰው ስልኬ ላይ ይመጣል። ስለዚ ሁሉንም አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። የክላስና የሜተድ ስሞቹን በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፣ ኮድ ላይ ስታስገቡ በላቲኑ ነው፣ ጃቫ ሚያውቅ ሰው አነባበቡን አይቶ አይጠፋውም።

ባይትኮድ ትራንስፎርመር ምንድነው?

ጃቫ ስትጽፉ ኮምፓይለሩ ሶርሱን ወደ ክላስ ፋይል ይቀይረዋል፣ እዛ ውስጥ ያለው ለጄቪኤም (የጃቫን ፕሮግራም ሚያስኬደው ማሽን) ሚሰጠው ትእዛዝ ነው ባይትኮድ ሚባለው። ክላስ ፋይሉን በሄክስ ብትከፍቱት የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች ሲነበቡ «ካፌ ቤብ» ይላሉ፣ ቀጥሎ የቨርዥን ቁጥር አለ፣ በጃቫ 8 ኮምፓይል የተደረገ 52፣ በ11 ከሆነ 55፣ በ17 ከሆነ 61፣ በ21 ከሆነ 65። ይቺን ቁጥር ያዟት፣ ኋላ ላይ ትመለሳለች።

ትራንስፎርመር ማለት እንግዲህ ጄቪኤሙ አንድን ክላስ ሊጭን ሲል ባይቶቹን መጀመሪያ ለናንተ ሚያሳይበት ሜተድ ነው። ምትቀይሩት ካለ ቀይራችሁ ትመልሱለታላችሁ፣ ከሌለ ናል (የለም) ትሉታላችሁ፣ እሱ የመለሳችሁለትን ይዞ ይቀጥላል። ዲስክ ላይ ያለው ጃር (ክላስ ፋይሎቹ የታሸጉበት ፋይል) አይነካም፣ ሚቀየረው ሜሞሪ ላይ ያለው ነው፣ ኤጀንቱን (ትራንስፎርመራችሁን የያዘውን ጃር) አውጥታችሁ ፕሮግራሙን ስታስነሱት እንደነበረው ነው። ይሄ ነገር ጃቫ ውስጥ የገባው በጃቫ 5 ነው፣ እ.ኤ.አ. 2004፣ ፓኬጁ ጃቫ ላንግ ኢንስትሩመንት ይባላል።

ሶርሱን መቀየር እየቻልኩ ለምን ባይትኮድ ውስጥ እገባለሁ?

አትግባ። ሶርሱ እጅህ ላይ ካለ ሶርሱን ቀይር፣ ኮምፓይል አርግ፣ በቃ። ይሄ ሶርሱ ለሌለበት ወይ ሶርሱ ኖሮም መቶ ቦታ አንድ አይነት መስመር መጨመር ለሚያስፈልግበት ነው። ቴስት ምን ያህሉን ኮድ እንደነካ ሚቆጥረው ጃኮኮ፣ ሰርቨር ላይ ጥሪዎችን ሚከታተለው የኦፕንቴሌሜትሪ የጃቫ ኤጀንት፣ ሁለቱም ሚሰሩት በዚሁ መንገድ ነው፣ ሳታውቁት ስትጠቀሙበት ኖራችኋል ማለት ነው።

እኔ የገባሁበትን ልንገራችሁ። ጀልባ ሚያከራይ አንድ ማህበር ትኬት ሚቆርጥበት ፕሮግራም ነበረው፣ የሰራው ልጅ አገር ለቆ ሄዷል፣ ሶርሱ የለም፣ ያለው አንድ ጃር ብቻ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ዘጌ ሚሻገረው ሰው መጥቶ ይሰለፋል፣ ፕሮግራሙ ለአንድ ቡድን ደረሰኝ ለማውጣት ግማሽ ደቂቃ ይቆማል፣ ትኬት ቆራጯ እህታችን ደሞ የሰልፈኛውን ቁጣ ብቻዋን ትሸከማለች። ኮምፒውተሩ አርጅቷል ተብሎ አዲስ ተገዛ፣ ምንም ለውጥ የለም። እኔ ያረግኩት ነገር እያንዳንዱ ሜተድ ሲጀምርና ሲጨርስ ሰዓት ሚመዘግብ ትራንስፎርመር መጻፍ ነው፣ በማግስቱ ሎጉን ስናየው ዋጋ ሚያሰላው ሜተድ ለያንዳንዱ ተሳፋሪ ዳታቤዙን እንደ አዲስ ይከፍትና ይዘጋል። ሃያ ሰው ከመጣ ሃያ ጊዜ። ሶርስ ሳላይ ይሄን ማወቄ እስካሁን ደስ ይለኛል። ከዛ ያቺን የመክፈቻ ጥሪ ብቻ ቀየርናት፣ አንዴ የተከፈተውን ኮኔክሽን ወደሚያቀብል የራሳችን ሜተድ እንድትሄድ፣ እና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

ኤጀንትና ትራንስፎርመር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ኤጀንት ጃሩ ነው፣ ጄቪኤሙ ይዞት ሚነሳው። ትራንስፎርመር ኤጀንቱ ውስጥ ያለው ስራውን ሚሰራው ክላስ ነው። አንድ ኤጀንት የፈለገውን ያህል ትራንስፎርመር ሊያስመዘግብ ይችላል።

እሺ እንዴት ነው ማስመዘግበው? ከመጀመሪያው ንገረኝ

አራት ነገር ነው፣ እና አራቱም ካልተሟሉ አይሰራም።

መጀመሪያ ትራንስፎርመሩ። ክላስፋይልትራንስፎርመር ሚባለውን ኢንተርፌስ ኢምፕሊመንት ሚያረግ ክላስ ትጽፋላችሁ፣ ውስጡ ትራንስፎርም ሚባል ሜተድ አለ፣ አምስት ነገር ይቀበላል፦ ክላስሎደሩን (ክላሱን ሚጭነውን)፣ የክላሱን ስም፣ ክላሱ ከዚ በፊት ተጭኖ እንደገና እየተቀየረ ከሆነ እሱን፣ ፕሮቴክሽን ዶሜይን ሚባለውን፣ እና ባይቶቹን። ከጃቫ 9 ወዲህ ሞጁሉን ጨምሮ ሚቀበል ሌላም አለ፣ አንዱን መጻፍ በቂ ነው። ሚመልሰው የባይት አሬይ ነው።

ቀጥሎ መግቢያው። ሌላ ክላስ ላይ ፕሪሜይን ሚባል ስታቲክ ሜተድ ትጽፋላችሁ፣ አንድ ስትሪንግና አንድ ኢንስትሩመንቴሽን ሚቀበል። ከስሙ እንደምታዩት ከሜይን በፊት ነው ሚጠራው። እዛ ውስጥ የመጣላችሁን ኢንስትሩመንቴሽን ይዛችሁ አድትራንስፎርመር ብላችሁ ትራንስፎርመራችሁን ትሰጡታላችሁ። ማስመዝገብ ሚባለው ይቺው መስመር ናት፣ ሌላው ሁሉ እሷ ጋ ለመድረስ ነው።

ሶስተኛው ማኒፌስቱ። ጃሩ ውስጥ ያለው ማኒፌስት (ስለ ጃሩ ሚናገር ትንሽ የጽሁፍ ፋይል) ላይ ፕሪሜይን ሰረዝ ክላስ ብላችሁ የመግቢያውን ክላስ ሙሉ ስም ከነፓኬጁ ትጽፋላችሁ። እየሰራ ያለ ፕሮግራም ላይ ክላሶችን መልሳችሁ መቀየር ምትፈልጉ ከሆነ ካን ሪትራንስፎርም ክላስስ ሚለውን ትሩ አርጉት። እና እባካችሁ ማኒፌስቱን በእጅ ከጻፋችሁት የመጨረሻውን መስመር ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ። መጨረሻው ላይ አዲስ መስመር ከሌለ ያ የመጨረሻው መስመር በትክክል አይነበብም፣ ጄቪኤሙም ፕሪሜይን ክላስ አላገኘሁም ብሎ ሳይነሳ ይቀራል። አንዱ ልጃችን እቺ ላይ ሁለት ቀን ቆሟል፣ ፋይሉ ሲታይ ምንም ጉድለት የለበትም እኮ።

አራተኛው ማስነሻው። ጃቫ ብላችሁ፣ ሰረዝ ጃቫኤጀንት ሁለት ነጥብ፣ የኤጀንቱ ጃር ያለበት ቦታ፣ ከዛ ሰረዝ ጃር እና ዋናው ፕሮግራም። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፣ ኤጀንቱን ከዋናው ጃር ስም በኋላ ካስገባችሁት ጄቪኤሙ ለፕሮግራሙ የተላከ አርጊዩመንት ነው ብሎ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ኤረር የለም፣ ኤጀንትም የለም። ከጃሩ ቦታ ቀጥሎ እኩል ይሆናል ምልክት አርጋችሁ ምትጽፉት ነገር ደሞ ፕሪሜይን ላይ በስትሪንጉ ይደርሳችኋል፣ እኔ የምከታተለውን ፓኬጅ ስም በዛ ነው ማስገባው።

ኤጀንቱ ተነስቷል፣ ግን ምንም ነገር አልተቀየረም፣ ኤረርም የለም። ምንድነው?

ከሚመጡልኝ አስር ጥያቄዎች ስምንቱ ይሄ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም፣ እና ይሄን ገጽ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ልባችሁ ላይ መያዝ ያለባችሁ፣ ትራንስፎርም ሜተድ ውስጥ ኤክሰፕሽን ከተነሳና እናንተ ካልያዛችሁት ጄቪኤሙ ይውጠዋል። አይጮህም፣ አያቆምም፣ ሎግ ላይ አንድ መስመር አይጽፍም፣ ልክ ናል እንደመለሳችሁ ቆጥሮት ኦሪጅናሉን ባይት ጭኖ ይቀጥላል። ይሄ አውቀው ያረጉት ነው፣ ዶክመንቴሽኑ ላይ ተጽፏል፣ የአንድ ኤጀንት ስህተት ፕሮግራሙን እንዳይጥለው ነው። ጥሩ ሃሳብ ነው፣ ግን ለሚማር ሰው በጣም ከባድ ነው ምክንያቱም የተበላሸና ያልተነሳ ነገር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

የጀልባው ፕሮግራም ላይ እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ቤቴ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ይሰራል፣ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ስጭነው ዝም። ማኒፌስቱን አየሁ፣ ማስነሻውን አየሁ፣ ፕሪሜይን ውስጥ ያስቀመጥኩት ጽሁፍ ይታተማል፣ ግን አንድም ሜተድ አይመዘገብም። ሃይቁ ላይ ጨለመ፣ ዘበኛው ሊዘጋ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። መጨረሻ ላይ የትራንስፎርምን ውስጥ በሙሉ ትራይ ካች አድርጌ ትሮዌብልን ያዝኩና ስታክትሬሱን አሳተምኩት፣ ስክሪኑ ሙሉ ወረደ፦ የማይደገፍ የክላስ ፋይል ቨርዥን 65። እኔ የያዝኩት የኤኤስኤም ላይብረሪ (ባይትኮድ ማንበቢያና መጻፊያው) የቆየ ነበር፣ ጃሩ ደሞ በጃቫ 21 ኮምፓይል የተደረገ፣ ቤቴ ስሞክርበት የነበረው የራሴ ቴስት ክላስ በጃቫ 11። ላይብረሪው 65 ሲያይ ኤክሰፕሽን ይወረውራል፣ ጄቪኤሙ ይውጣል፣ እኔ ደሞ ሶስት ሰዓት ሙሉ ማኒፌስት አነባለሁ። ኤኤስኤም ጃቫ 21ን ማንበብ የጀመረው ከ9.5 ነው፣ እሱን ወይ ከሱ በላይ ያለውን ያዙ።

ስለዚ ሌላ ምንም ሳትጽፉ በፊት ትራይ ካቹን ጻፉ። ኤክሰፕሽንን ብቻ ሳይሆን ትሮዌብልን ያዙ፣ ምክንያቱም ላይብረሪው ክላስፓዝ ላይ ከሌለ ሚመጣው ኖክላስዴፍፋውንድኤረር ነው፣ እሱ ኤክሰፕሽን አይደለም፣ ኤረር ነው፣ ካቻችሁን አልፎት ይሄዳል። አሳትሙት፣ ከዛ ናል መልሱ።

ያም ሆኖ ዝም ካለ እነዚን እዩ። የክላሱ ስም ሚመጣላችሁ በነጥብ ሳይሆን በስላሽ ነው፣ ኮም ስላሽ ታና ስላሽ ትኬት እንደማለት፣ እናንተ በነጥብ የተጻፈ ስም ጋር ካነጻጸራችሁት መቼም አይገጥምም። ስሙ አንዳንዴ ናል ሆኖም ሊመጣ ይችላል፣ ሳታዩ ስታርትስዊዝ ካላችሁበት ናልፖይንተር ይነሳል፣ እሱም ይዋጣል። ሌላው፣ ክላሱ ከናንተ በፊት ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ ትራንስፎርመሩን ከማስመዝገባችሁ በፊት የተጫነ ክላስ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ፕሪሜይን ውስጥ ያንን ክላስ ይጠራዋል፣ ለምሳሌ ስሙን ለማግኘት ዶት ክላስ ብሎ፣ እና በራሱ እጅ ቀድሞ ያስጭነዋል፣ ስሙን በስትሪንግ ጻፉት። ክላሱ ጭራሽ ሚጫን መሆኑን ለማየት ደሞ ሰረዝ ቨርቦዝ ሁለት ነጥብ ክላስ ብላችሁ አስነሱት፣ ሚጫነውን አንድ በአንድ ይዘረዝርላችኋል።

የማልፈልገው ክላስ ሲመጣ ባይቶቹን እንዳሉ ልመልስ ወይስ ናል?

ናል። የመጣላችሁን አሬይ ራሱን መንካትም ክልክል ነው፣ ምትቀይሩ ከሆነ አዲስ አሬይ ነው ምትመልሱት።

ለምንድነው መጀመሪያ አጣራ አጣራ ምትሉኝ?

አባይ ከሃይቁ ሚወጣበት ጋ ቆማችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ወደ ታች ሚሄደው ውሃ ሁሉ በዛች ነው ሚያልፈው፣ ደንገሉም ቅጠሉም። ትራንስፎርመራችሁ እዛ ነው የቆመው፣ የናንተ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ሚጠቀማቸው ላይብረሪዎችና የጃቫ የራሱ ክላሶችም ጭምር በፊቱ ያልፋሉ። ሁሉንም እንቀይር ካላችሁ ፕሮግራሙ ለመነሳት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዛም አልፎ ሰዓት ለመመዝገብ ምትጠሩት ሜተድ ራሱ ተቀይሮ ራሱን መልሶ ይጠራና ስታኩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚ የመጀመሪያው መስመር ሁሌም ማጣሪያ ነው፦ ስሙ ናል ከሆነ ውጣ፣ ሎደሩ ናል ከሆነ ውጣ (ናል ሎደር ማለት የጃቫ የራሱ ቡትስትራፕ ነው)፣ ስሙ በምፈልገው ፓኬጅ ካልጀመረ ውጣ። የራሳችሁን የኤጀንት ፓኬጅም ዝለሉ።

እና አንድ ነገር፣ ትራንስፎርም ሚጠራው ክላሱን በሚጭነው ትሬድ ላይ ነው፣ ብዙ ትሬድ ባንድ ጊዜ ሊገባበት ይችላል፣ ፊልድ ላይ ተራ ሃሽማፕ አታስቀምጡ።

ኤኤስኤም፣ ጃቫሲስት፣ ባይት በዲ፣ የቱን ልያዝ?

ስራው አስቸኳይ ከሆነ ባይት በዲ። ኤጀንት ለመስራት ታስቦ የተዘጋጀ መንገድ አለው፣ «በዚ ፓኬጅ ያሉትን ክላሶች፣ እንዲህ ሚባለውን ሜተድ፣ መግቢያና መውጫው ላይ ይሄን ጨምር» ብላችሁ በተራ ጃቫ ትጽፋላችሁ፣ ብዙ ጉድጓዱን እሱ ይሸፍንላችኋል። ጃቫሲስት ሶርስ መሳይ ስትሪንግ ሰጥታችሁት ኮምፓይል ያረግላችኋል፣ ለትንሽ ሙከራ ቀላል ነው። ኤኤስኤም ደሞ ከታች ነው ሚያስጀምራችሁ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ፣ ባይት በዲም ራሱ እሱ ላይ ነው የቆመው።

የኔ ምክር ግን መጀመሪያ አንድ ጊዜ በኤኤስኤም ጻፉት። ባይት በዲ ላይ ኤረር ሲመጣ ሚመጣው በባይትኮድ ቋንቋ ነው፣ ስታክና ፍሬም ምን እንደሆነ በእጃችሁ ነክታችሁ ካላያችሁት ኤረሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትቀራላችሁ። ጄዲኬ 24 ላይ ያላችሁ ደሞ ላይብረሪ ሳትጭኑ የጃቫ የራሱ የክላስፋይል ኤፒአይ አለላችሁ፣ በ22 እና በ23 ለሙከራ ወጥቶ በ24 ነው የጸደቀው፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2025። ከጄዲኬው ጋር አብሮ ስለሚያድግ እኔን ያመሸኝ አይነት የቨርዥን ጸብ የለበትም። ሰርቨራችሁ ጃቫ 17 ላይ ከሆነ ግን አይጠቅማችሁም።

ሰዓት ሚመዘግበውን ትራንስፎርመር በኤኤስኤም እንዴት ጻፍከው?

ክላስሪደር ባይቶቹን ያነባል፣ ክላስራይተር መልሶ ይጽፋል፣ መሃላቸው የናንተ ክላስቪዚተር ይቆማል። ሜተድ ሲመጣ ቪዚትሜተድ ሚለው ይጠራል፣ እዛ ጋ አድቫይስአዳፕተር ሚባለውን ትመልሳላችሁ (ከዋናው ሳይሆን ኮመንስ ሚባለው ጃር ውስጥ ነው ያለው፣ እሱንም ጨምሩ)። አብስትራክትና ኔቲቭ ሜተዶችን ዝለሉ፣ ውስጣቸው ኮድ የለም።

ኦንሜተድኤንተር ላይ ሲስተም ናኖታይምን ትጠራላችሁ፣ ውጤቱ ስታክ ላይ ይቀመጣል፣ ኒውሎካል ብላችሁ አዲስ ቦታ ትጠይቁና እዛ ታስቀምጡታላችሁ። ቦታውን ራሳችሁ ቁጥር ሰጥታችሁ አትያዙ፣ ሎንግና ደብል ሁለት ሁለት ቦታ ነው ሚይዙት፣ አንድ ብላችሁ ከቆጠራችሁ የሌላ ቫሪያብል ላይ ትጽፋላችሁ። ኦንሜተድኤግዚት ላይ እንደገና ናኖታይም፣ የመጀመሪያውን አንስቶ መቀነስ፣ ከዛ የሜተዱን ስም በስትሪንግ ጨምሮ ወደ መዝጋቢያችሁ ስታቲክ ሜተድ መላክ። ሪደሩን ስታስኬዱት ኤክስፓንድ ፍሬምስ ሚለውን ስጡት፣ አዲስ ቦታ ሚሰጠው ነገር ያለሱ አይሰራም።

አንድ ልጅ «ሜተዱ አስር ቦታ ሪተርን ካለውስ?» ብሎኛል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኦንሜተድኤግዚት ለያንዳንዱ ሪተርን ይጠራል፣ ሜተዱ ራሱ ትሮው ሚልበት ላይም ይጠራል። ማይጠራው ግን ሜተዱ የጠራው ሌላ ሜተድ ኤክሰፕሽን ወርውሮ በላዩ ሲያልፍ ነው። እሱን ለመያዝ ሜተዱን በሙሉ በትራይ መክበብ ያስፈልጋል። እኔ ለጀልባው ፕሮግራም ትቼዋለሁ፣ ሰዓት ለመለካት የወደቁት ጥሪዎች አላስፈለጉኝም።

ቬሪፋይኤረር እያለ ይወድቃል፣ ስታክማፕ ምናምን ይላል

ይሄኛው ቢያንስ ይናገራል። ጄቪኤሙ ባይትኮዱን ከማስኬዱ በፊት ይፈትሸዋል፣ በየመታጠፊያው ላይ ስታኩ ላይ ምን እንዳለ ሚናገር ሰንጠረዥ ክላሱ ውስጥ አለ፣ ስታክማፕ ሚባለው እሱ ነው፣ ከጃቫ 7 ክላሶች ጀምሮ ያለሱ አይታለፍም። እናንተ ኢፍ ወይ ትራይ ካች ከጨመራችሁ ሰንጠረዡ መታደስ አለበት።

ሰው ሁሉ ሚያረገው ክላስራይተሩን ኮምፒውት ፍሬምስ ብሎ መተው ነው። ይሰራል፣ ግን ስራውን ለመስራት የሁለት ክላሶችን የጋራ ወላጅ መፈለግ አለበት፣ ጌትኮመንሱፐርክላስ ሚለው ሜተድ ደሞ እነሱን በመጫን ነው ሚያጣራው፣ እናንተ አንድ ክላስ እየተጫነ መሃል ሌላ ታስጭናላችሁ ማለት ነው፣ ሎደሩም የተሳሳተው ሊሆን ይችላል። ክላስሰርኩላሪቲኤረር ካያችሁ ከዚ ነው። ሜተዱን ኦቨርራይድ አርጋችሁ ለትራንስፎርም የተሰጣችሁን ሎደር ተጠቀሙ፣ የተሻለው ደሞ ሳይጭኑ ባይቱን አንብቦ ወላጁን ማወቅ ነው። ምትጨምሩት ኮድ መታጠፊያ ከሌለው ግን፣ እንደ ሰዓቱ ቀጥ ብሎ ሚሄድ ከሆነ፣ ኮምፒውት ማክስስ ብቻ ይበቃል፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ትዘሉታላችሁ።

ሰረዝ ኖቬሪፋይ ብላችሁ ፍተሻውን አታጥፉት። ከጄዲኬ 13 ጀምሮ አትጠቀሙበት ተብሏል፣ የተበላሸ ባይትኮድ ሳይፈተሽ ካለፈ ደሞ ጄቪኤሙ ራሱ ነው ሚወድቀው።

ፕሮግራሙን ሳላጠፋ እየሰራ እያለ ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፣ ከጃቫ 6 ጀምሮ። ከፕሪሜይን ይልቅ ኤጀንትሜይን ሚባል ሜተድ ትጽፋላችሁ፣ ማኒፌስቱ ላይ ኤጀንት ሰረዝ ክላስ ትላላችሁ፣ ከዛ በአታች ኤፒአይ በፕሮሰሱ ቁጥር ተያይዛችሁ ሎድኤጀንት ትሉታላችሁ። ክላሶቹ ቀድመው ስለተጫኑ አድትራንስፎርመርን ስትጠሩ ሁለተኛውን አርጊዩመንት ትሩ አርጉት፣ ዝም ብላችሁ ትራንስፎርመሩን ብቻ ከሰጣችሁት ሪትራንስፎርም ላይ አይጠራም። ከዛ ሪትራንስፎርምክላስስ ብላችሁ ምትፈልጓቸውን ክላሶች ትሰጡታላችሁ።

ገደብ ግን አለው። ታንኳ ዳር ላይ እያለች እንደፈለጋችሁ ታስሯታላችሁ፣ መሃል ሃይቅ ከገባች በኋላ ግን ቀዳዳ ትደፍናላችሁ እንጂ ወርዱን አትጨምሩም፣ ሪትራንስፎርምም እንደዛ ነው፣ የሜተድን ውስጥ መቀየር ይቻላል፣ ፊልድ መጨመር፣ ሜተድ መጨመር ወይ ማውጣት፣ ወላጅ ክላስ መቀየር አይቻልም። በሰዓቱ እየሮጠ ያለ ሜተድ አሮጌውን ኮድ ይዞ ይጨርሳል፣ አዲሱ ሚሰራው ከሚቀጥለው ጥሪ ነው።

ከጄዲኬ 21 ጀምሮ ደሞ እንዲህ አይነት አገባብ ማስጠንቀቂያ ያሳትማል፣ ወደፊት ሳይፈቀድ እንደማይገባ ነው ሚናገረው፣ ማስጠንቀቂያውን ለማስቀረት ኢኔብል ዳይናሚክ ኤጀንት ሎዲንግ ሚለውን ፕላስ አርጋችሁ አስነሱት። ከተቻላችሁ ግን በጃቫኤጀንት ከመነሻው አስገቡት።

የራሴን መዝጋቢ ክላስ ስጠራ ኖክላስዴፍፋውንድኤረር ይላል፣ ጃሩ ውስጥ ግን አለ

እዛ ክላስ ውስጥ የጨመራችሁት ጥሪ አሁን የዛ ክላስ ነው፣ መዝጋቢያችሁን ሚፈልገውም በዛ ክላስ ሎደር ነው። የኤጀንት ጃር በሲስተም ክላስሎደር ነው ሚጫነው፣ ተራ ፕሮግራም ያየዋል። የጃቫ የራሱን ክላስ ከቀየራችሁ ግን ቡትስትራፑ ወደ ታች አያይም። መዝጋቢውን ለብቻው ትንሽ ጃር አርጋችሁ አፔንድቱቡትስትራፕክላስሎደርሰርች ብላችሁ አስገቡት። ትንሽ ይሁን፣ ላይብረሪ አይንጠልጠልበት።

ፕሮግራሙ ራሱ ሌላ ቨርዥን ኤኤስኤም ካለው?

ይጋጫሉ። በሜቨን ሼድ ፕለጊን የናንተን ኤኤስኤም ወደ ራሳችሁ ፓኬጅ ስም አዛውሩት።

ሁለት ትራንስፎርመር ካለኝ የቱ ይቀድማል?

ሪትራንስፎርም ማይችሉት ይቀድማሉ፣ ከዛ ሚችሉት፣ በየምድቡ ውስጥ ባስመዘገባችሁበት ቅደም ተከተል። አንዱ የቀየረውን ነው ሌላኛው ሚያገኘው።

መብራትና ኔት ሲጠፋ እንዴት ነው ምትሰሩት?

ለዚ ስራ ብዙ ኔት አያስፈልግም እኮ። ላይብረሪዎቹን አንዴ ካወረዳችሁ ሜቨንን በኦፍላይን ማስኬድ ይቻላል፣ ጃቫፒ (ክላስ ፋይል ፈትቶ ባይትኮዱን ሚያሳየው) ደሞ ከጄዲኬው ጋር አብሮ ይመጣል። እኔ ሁሌ ማረገው የተቀየረውን ባይት ከመመለሴ በፊት አንድ ፎልደር ውስጥ በክላስ ፋይል እጽፈዋለሁ፣ ከዛ በጃቫፒ ሰረዝ ሲ ኦሪጅናሉንና የተቀየረውን ጎን ለጎን ከፍቼ አያለሁ። ባትሪው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት በዛ ያየሁት ኔት ላይ ሳምንት ከፈለግኩት የበለጠ አስተምሮኛል።

የሰው ጃር መቀየር ችግር የለውም?

ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በጽሁፍ። የጀልባ ማህበሩን ሊቀመንበር ቁጭ ብለን ነው ያስረዳናቸው፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ሂሳቡን አይነካውም?» ብለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ሊነካው ይችላል፣ ዋጋ ሚያሰላ ሜተድ ውስጥ ገብቼ ነበርና። ስለዚ አንድ ሳምንት ሙሉ የድሮውና አዲሱ ጎን ለጎን ሰርተው ማታ ማታ ደረሰኝ በደረሰኝ አመሳከርናቸው። ሎጉ ላይም የሜተድ ስምና ሰዓት ብቻ ነው እንዲጻፍ ያረግኩት፣ አርጊዩመንቶቹን አልነካሁም፣ የተሳፋሪ ስምና ስልክ እዛ ውስጥ ነበር። ልኬቱ ሲያልቅ ሰዓት መዝጋቢውን ከማስነሻው ላይ አወጣሁት፣ አሁን ያለው ኮኔክሽኑን ሚያቀብለው ብቻ ነው፣ ሊቀመንበሩ ጋ ደሞ ጄዲኬ ሲቀየር መጀመሪያ እኔን ጥሩኝ ሚል ወረቀት ከኤጀንቱ ሶርስ ጋር በፍላሽ አስቀምጫለሁ።